«እኩል ይካፈሉ» ከተባለ በኋላ

በፍቺ መዝገብ ላይ ዳኞች ከሚጽፏቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አጭሩ «የጋራ ንብረታቸውን እኩል ይካፈሉ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ሙግት የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ፍቺው በጥቂት ወራት ተወስኖ የንብረቱ ጉዳይ በአፈጻጸም መዝገብ ዓመት ተሻግሮ ሲጎተት ማየት የተለመደ ነው። ክፍፍሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑን የሚቃወም እምብዛም የለም። ጠቡ «የምን ግማሽ?» በሚለው ላይ ነው፤ ቀጥሎም ተቆርጦ የማይከፈለውን ነገር ምን እናድርገው በሚለው ላይ። ሁሉም አልቆ ሁለቱ ወደየመንገዳቸው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ገቢ የሌለው ወገን ከነገ ጀምሮ በምን ይኖራል? ለዚህኛው ሕጋችን መልስ አላዘጋጀም። ስላላዘጋጀም የንብረት ክፍፍሉ ከፍቺ በኋላ ሊኖር ይገባ የነበረውን ቀለብ ጭምር እንዲሸከም ተደርጓል፤ በአንድ አህያ ጀርባ ላይ የሁለት አህያ ጭነት እንደመጫን ነው።

ቀድሞ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብ በመጀመሪያ የሚሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ነበር፤ ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ወገንም ከጋራ ንብረቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያ የመጣው የፌደራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ክፍፍሉን ከጥፋት አላቀቀው። ዛሬ ባልየው ሰካራም ነበር፣ ሚስትየው ቤቷን ትታ ሄዳ ነበር የሚለው ክርክር የግማሹን መጠን አይለውጠውም። የፌደራሉ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ የሚገዛው በዝክረ ሕግ የታወጀው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ነው። በዋና ዋና መርሆዎቹ የፌደራሉን ፈለግ የተከተለ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንቀጾች የፌደራሉ ናቸው፤ የአንቀጽ ቁጥርና አንዳንድ ዝርዝር ሊለያይ ስለሚችል ጉዳይ ያለው ሰው የክልሉን አዋጅ ገልጦ ማየት ይኖርበታል።

ለጎጃም ሰው እኩል መካፈል እንግዳ ደርሶ ያስተማረው ነገር አይደለም። በሰማንያ ጋብቻ የሁለቱ ወገን ቤተሰብ በሬ ለበሬ፣ ላም ለላም አመዛዝኖ ሲሰጥ፣ በትዳር የተፈራው የሁለቱም እንዲሆን በሽማግሌ ፊት ሲዋዋል የኖረ አገር ነው። ችግሩ ውሉ ላይ አልነበረም። ሴቲቱ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ሽማግሌው የሚያስረክባት በዓይን የሚታየውን ከብትና እህል ብቻ ነበር፤ በባልየው ስም የተያዘውን ማን ይቆጥርላታል? የዛሬው ሕግ ትልቁ አስተዋጽኦ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

አንቀጽ 57 የግል ንብረት የሚለው ተጋቢው በጋብቻው ዕለት የነበረውን፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘውን ነው። ከዚያ ውጭ ሁለቱም በጉልበታቸውና በዕውቀታቸው የሚያገኙት ገቢ፣ ከግል ንብረታቸው የሚገኘው ገቢ ሳይቀር፣ የጋራ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 63 ነው፤ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም «የብቻዬ ነው» በሚለው ላይ ነው ማለት ነው። ሊብሬው በባል ስም መሆኑ፣ የቤት ካርታው በሚስት ስም መሆኑ ክርክሩን አይዘጋውም። ይህን ባለማወቅ «በስሜ ምንም የለም» ብለው ሻንጣቸውን ብቻ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ግምቱ በሌላ በኩልም ይቆርጣል። አንድ ባል ከአባቱ የወረሳቸውን ከብቶች ሸጦ ባጃጅ ገዛ እንበል። ከብቶቹ የግሉ ነበሩ። ባጃጁስ? በአንቀጽ 58 መሠረት በግል ንብረት ልውጥ የተገኘ ነገር የግል የሚሆነው ተጋቢው ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስንለት ነው። ትዳር በሰላም እያለ «ይህ ባጃጅ የግሌ ይባልልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ማን ነው? የሚሄድ ሰው ቢገኝ እንኳ በዚያው ቀን የፍቺ ማመልከቻ ያስጻፈ ይመስልበታል። ስለዚህ በውርስ ከብት የተገዛው ባጃጅ ብዙ ጊዜ ከጋራው ቋት ውስጥ ይገባል። የግል ወርቋን ሸጣ የሱቅ ዕቃ የሞላች ሚስትም ዕጣዋ ይኸው ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ፤ በባሕር ዳር የፍቺ ክርክር ማዕከሉ ቤት ነውና። ከተማዋ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በቤት ሥራ ማኅበራት፣ በምሪትና በሊዝ እየሰፋች የመጣች ናት። ባልና ሚስት ማኅበር ገብተው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ከባንክ ተበድረው የሚሠሩት አንድ ቤት የዕድሜ ልክ ሀብታቸው ነው። በፔዳና በፖሊ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ዙሪያ ያለው ቤት ደግሞ ከጀርባው ለተማሪ የሚከራይ ሰርቪስ፣ ከፊቱ ሱቅ ይኖረዋል፤ መኖሪያም የገቢ ምንጭም ነው። ሦስት ዓይነት ጠብ ይነሣል። አንዱ፣ ቤቱ የተሠራው ባል ከጋብቻ በፊት በያዘው ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ቦታው የግሉ ቢሆንም ግንባታው በትዳር ዘመን በጋራ ገንዘብ ከተሠራ ሚስት ባዶ እጇን የምትወጣበት ምክንያት አይኖርም፤ ለዚያ ግን ብሎኬቱ መቼ እንደተገዛ፣ ቆርቆሮው መቼ እንደተመታ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ቤቱ በባል ወላጆች ግቢ ውስጥ ሲሠራ ነው። ፍቺው ሲሰማ አማት ጣልቃ ገብ ሆነው ይቀርቡና «ቤቱ የእኔ ነው፣ ልጆቼን አስጠግቼ ነው» ይላሉ። በከተማዋ ዳርቻ ያለ ካርታ የቆመው የጨረቃ ቤት ሦስተኛው ነው፤ ባለይዞታነቱ ሳይረጋገጥ ፍርድ ቤት ቦታውን ሊያካፍል ይቸገራል። ሁለቱ ለዓመታት የደከሙበት ነገር በሕግ ዓይን የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቤቱ የጋራ መባሉ ተረጋግጦስ? መጀመሪያ የሚታየው በዓይነት መካፈል ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አንድ ቦታ ለሁለት ካርታ ካልበቃ ግቢው መሐል ላይ አጥር ማቆም ዋጋ የለውም። ከዚያ መሐንዲስ ይገምታል፤ አንዱ የሌላውን ግማሽ ከፍሎ ያስቀረዋል። ካልተስማሙ ሐራጅ ነው። በወረቀት ላይ ይህ ፍጹም ፍትሐዊ ነው። በተግባር ግን የሌላውን ግማሽ ከፍሎ ቤቱን የማስቀረት አቅም ያለው ደመወዝ ወይም ንግድ ያለው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜም ባልየው። ሚስትየው ጥሬ ገንዘብ ተቀብላ ልጆቿን ይዛ ኪራይ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። የግምቱ ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ በፍጥነት ነው የሚለዋወጠው። ግምቱ ዛሬ ተሠርቶ ክፍያው ከዓመት በኋላ ቢፈጸም፣ ግማሽ የተባለው ገንዘብ ግማሽ ቤት መግዛቱ ቀርቶ ሲሶውንም ላይደርስ ይችላል። የመክፈያ ቀኑ ሲርቅ እንደገና ይገመትልኝ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ጠያቂው ካላነሣው ዳኛው ከራሱ አያመጣውም።

ከከተማ ወጥቶ ወደ ጣና ዳር ሲኬድ የሚካፈሉት ነገር መልኩን ይለውጣል። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባልና ሚስት የሚካፈሉት የመጠቀም መብቱን፣ ይዞታውን ነው። በክልሉ በ1989 በተደረገው ሽግሽግ መሬት ያገኙ ሴቶች አሉ፤ በኋላ የመጣው የይዞታ ደብተርም የባልንና የሚስትን ስም አንድ ላይ መያዙ ለሴቶች ከማንኛውም ስብከት በላይ ጠቅሟል። ዛሬ የሚሠራው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ደብተሩ ላይ ስሟ ያለ ሴት መሬቱን ልትነጠቅ አትችልም። ሆኖም ደብተሩ ሁሉንም አይዝም። የጣና ውኃ ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት በደብተር የማይገኝ፣ በጉልበትና በልማድ የሚያዝ ነው፤ ፍቺ ሲመጣ ያረሰው ይዞት ይቀራል። ዘጌ ላይ ደግሞ ሀብቱ ቡናው ነው። ቡናም ሆነ ባሕር ዛፍ በትዳር ዘመን የተተከለ ከሆነ የጋራ ድካም ፍሬ ስለሆነ ተቆጥሮ መገመት አለበት፤ ሆኖም «መሬቱ የአባቴ ነው» የሚለው አንድ ቃል ዛፉንም ይዞ ሲሄድ ይታያል። ታንኳ ብዙ አያጣላም፤ የሚሠራበት ደንገል በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። የሚያጣላው የሞተር ጀልባና መረቡ ነው፤ ጀልባው የማኅበር ሲሆን ደግሞ በማኅበሩ ውስጥ ያለው ድርሻ።

በገጠር ያለው የግማሽ ስሌት ብቻውን ሲታይ ያታልላል። ግማሽ ይዞታዋን የወሰደች ሴት በሬ የላትም፤ ቢኖራትም በአካባቢው ወግ ሴት ሞፈር አትይዝም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ግማሽ ከሆነው ይዞታዋ ላይ የምርቱን ግማሽ ስታገኝ፣ ጎተራዋ የሚገባው ከቀድሞው የጋራ ማሳ ምርት ሩቡ ነው። ባልየው የራሱን ግማሽ በራሱ በሬ ያርሳል፤ የእርሷንም በእኩል የሚያርሰው እርሱ ከሆነ ሦስት ሩብ ደረሰው ማለት ነው። ፍርዱ እኩል ነበር፤ ኑሮው እኩል አልሆነም።

ዕዳ ሌላው ወጥመድ ነው። ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ስለሆነ ከክፍፍሉ በፊት ይከፈላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፍቺው ሊመጣ ሲል ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር የብድር ወረቀት ይጽፋል፤ ቀኑንም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሕጉ ውስጥ አለ። በፌደራሉ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለማበደር፣ ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነት የተደረገን ውል ሌላው ተጋቢ ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። (500 ብር አዋጁ ሲወጣ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለበዓል ዶሮ አይበቃም። በቃሉ ከተሄደ ለዶሮ መግዣ የተበደረ ባል ሁሉ የሚስቱን ፊርማ ሊጠየቅ ነው።) ዕቁብ ግን ወረቀት የለውም። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የት እንዳደረሰው የሚያውቁት የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ ናቸው፤ ቀድሞ በምስክርነት ያልተቆጠሩ እንደሆነ ብሩ እንደወጣ ይቀራል።

አሁን ወደ ቀለቡ። በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብም ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ አንቀጽ 82 ያዝዛል። ይህ ለሚስትም ለባልም ነው፤ ገቢ የሌለው ባል ከደመወዝተኛ ሚስቱ ሊጠይቅ ይችላል። ፍቺው ሲወሰን ግን በሁለቱ መካከል ያለው ግዴታ ይቋረጣል። የልጅ ቀለብ ይቀጥላል፤ እንደ ሁኔታው ሊሻሻልም ይችላል። የቀድሞ ሚስት ወይም የቀድሞ ባል ለራሷ ወይም ለራሱ የሚጠይቀው ወርኃዊ ተቆራጭ የለም። ብዙ ሰው ከውጭ ፊልም ባየው ተነሥቶ «ቀለብ ይቆረጥልኛል» ብሎ ይመጣል፤ የሚቆረጠው የልጁ ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያሳምም የሚያሳየው አንድ የተለመደ የባሕር ዳር ትዳር ነው። ባልየው መምህር ሆኖ በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪውን ይማራል፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ዲግሪ። ሚስትየው እንጀራ እየሸጠች፣ ተማሪ እየቀለበች የቤቱን ወጪ ትሸፍናለች። ዐሥር ዓመት ይሞላል። እርሱ ዕድገት ያገኛል፤ እርሷ ከምድጃው አልተነሣችም። ሲፋቱ የጋራ ንብረት ተብሎ የሚቆጠረው አንድ ፍሪጅ፣ አልጋ፣ ጥቂት ቁጠባና የኪራይ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። እርሱን እኩል ይካፈላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት፣ ያ ዲግሪና የሚያመጣው ደመወዝ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ትዳር ሳለ ደመወዙ የጋራ ነበር፤ ፍቺው በተወሰነ ማግስት የእርሱ ብቻ ሆነ። ሕጉ ዕቃ መካፈል ያውቃል፤ የማፍራት ችሎታን ግን አይቆጥርም። ሀብት በከብትና በእህል በነበረበት ዘመን ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ሀብት በትምህርትና በሙያ በሆነበት ከተማ ውስጥ ግን ግማሽ የሚለው ቃል ራሱ ይጎድላል።

ከፍቺ በኋላ ቀለብ ይኑር የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ቁም ነገር አላቸው። የልጅ ቀለብ እንኳ ከደመወዝተኛ በቀር ከማን በቀላሉ ይሰበሰባል? ባጃጅ ነጂው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ቀን ሠራተኛው ገቢው የት ይገኛል? በዚያ ላይ የተፋቱ ሰዎችን በየወሩ በገንዘብ ማገናኘት ጠቡን ያረዝመዋል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ይህ የመሰብሰብ ችግር ነው። ለሁሉ፣ ለዘለዓለም ይቆረጥ የሚል የለም። ረጅም ትዳር ኖራ ሙያ ላልያዘች ሴት፣ ሥልጠና ወስዳ ወይም ንግድ ጀምራ እስክትቆም ድረስ ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈል መቋቋሚያ ቢደነገግ፣ ቢያንስ ደመወዝተኛው ላይ ይሠራል። ክልሉ የራሱን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላለው አዲስ አበባን መጠበቅ አያስፈልገውም።

እስከዚያው ያለው ሕግ ራሱ ከሚታሰበው በላይ ስፋት አለው። ክፍፍሉ በተቻለ መጠን በዓይነት እንዲሆን፣ ልዩነቱም በገንዘብ እንዲካካስ ይፈቅዳል። ታዲያ ልጆቹን የምታሳድገው እናት ቤቱን ወስዳ የባልየውን ድርሻ ከሰርቪሱ ኪራይ ላይ በጊዜ ከፍላ እንድትጨርስ ለምን አይታዘዝም? አንቀጽ 84 ደግሞ ፍቺው በአንዱ ጥፋት የመጣ ሲሆን፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለተጎዳው ወገን ካሣ እንዲከፈል ያስችላል። ይህ ካሣ ከግማሹ ላይ የማይነካ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ሐሳብ ለማረጋጊያ የሚሰጠው እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ ለዕርቅ የታሰበ ነው፤ ላልታረቀ ሰው ግን ንብረት ማሸሺያ ይሆናል። ባጃጁ ለአጎት ልጅ ይሸጣል፣ የባንክ ሒሳቡ ይደርቃል፣ የሱቁ ዕቃ በሌሊት ይጫናል። ስለዚህ የዕግድና የመተዳደሪያ ቀለብ ጥያቄ ከፍቺ አቤቱታው ጋር በአንድ ቀን መቅረብ አለበት። የሰሌዳ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የካርታ ቅጂ አስቀድሞ ካልተያዘ ዳኛው የሚያግደው ነገር አያገኝም። ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የሌለው ሰው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ከወረዳ ወደ ባሕር ዳር ተፈናቅለው የመጡ፣ ንብረታቸው ግን እዚያው የቀረ ተጋቢዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ምስክር ማምጣቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

ሽማግሌዎች ይህን ክፍተት በራሳቸው መንገድ ሊደፍኑት ይሞክራሉ። ቤቱን ከመሸጥ ይልቅ «ለልጆች እንተወው» ይላሉ፤ እናት ከልጆቿ ጋር ትኖርበታለች፣ አባት ይወጣል። መልካም ፈቃድ ያለበት ዘዴ ነው፤ በስምምነት ፍቺም ፍርድ ቤት አይቶ ሊያጸድቀው ይችላል። ስምምነቱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይጻፋል። ቤቱ በልጆች ስም ሲዞር የእናትየው ድርሻም አብሮ ሄዷል፤ ማስያዝም መሸጥም አትችልም። የመጀመሪያው ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ድርሻዬን ካለ ደግሞ እርሷን የሚያስቀምጣት አንድም ሰነድ የለም። ለልጆች መተው ካስፈለገ እናት በሕይወት እስካለች በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብቷ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አላባ የሚባለው፣ በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ፣ በፍርድ ቤት ጸድቆ፣ በከተማው የይዞታ መዝገብም ላይ መስፈር አለበት።